ሪፎርም ዩኬና ናይጀል ፋራጅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ፓርቲ ወዳጅ ዘመድ ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሪፎርም ዩኬ ምን ዓይነት ፓርቲ ነው? መቼ ተመሠረተ?

ስደት ይቁም፣ ግብር ይቀነስ፣ የአየር ንብረት ወጪው ይቅር የሚል ቀኝ ዘመም ፓርቲ ነው። በዚህ ስሙ የሚታወቀው ከ2021 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ብሬግዚት (ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት) ፓርቲ ይባል ነበር። ብሬግዚት ፓርቲ በኤፕሪል 2019 ኮቨንትሪ ላይ ራሱን አስተዋወቀ። በሜይ በተደረገው የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ብሪታንያ ውስጥ አንደኛ ወጣ፤ 29 መቀመጫ። የስድስት ሳምንት ዕድሜ ነበረው እንግዲህ። ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ግን ስሙ ሥራ ፈታ፤ ተለወጠ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ይህ ፓርቲ ለዓመታት በሕግ ፊት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነበር። አዎ፣ ያቺው ንግድ ፈቃድ ላይ የምናውቃት “ኃላ.የተ.የግ.ማ.” ዓይነት። ከግማሽ በላይ አክሲዮኑ ደግሞ በፋራጅ እጅ ነበር። ሌሎቹ ፓርቲዎች መሪያቸውን ሲጠሉት ያወርዱታል። ባለቤቱን ግን ማን ያወርደዋል? በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው ድርሻውን ለቆ ፓርቲው ለትርፍ ወዳልቆመ ድርጅት የዞረው።

ናይጀል ፋራጅ ማን ነው?

የ1964 ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ለንደን የብረታ ብረት ገበያ ሄዶ ነጋዴ ሆነ። በወጣትነቱ የወግ አጥባቂው ፓርቲ አባል ነበር። በ1992 ከአውሮፓ ጋር የተፈረመውን የማስትሪኽት ውል ተቃውሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዩኪፕ የሚባለውን፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ የሚለውን ፓርቲ ለረጅም ጊዜ መራ። የሚገርመው፣ ከ1999 እስከ 2020 ድረስ ደመወዙን የሚከፍለው ያው የሚጠላው የአውሮፓ ፓርላማ ነበር።

ለእንግሊዝ ፓርላማ ሰባት ጊዜ ተወዳድሮ ሰባት ጊዜ ወደቀ። በ2024 ምርጫ አልወዳደርም ብሎ ነበር። ሐሳቡን ቀይሮ ጁን 3 ተመለሰ፤ የፓርቲውንም መሪነት ከሪቻርድ ታይስ ተረከበ። በማግስቱ ኤሴክስ ውስጥ ባለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ ክላክተን፣ ከአንድ መጠጥ ቤት ሲወጣ አንዲት ወጣት የሙዝ ሚልክሼክ ፊቱ ላይ ደፋችበት። ምስሉ ዓለምን ዞረ። ሌላ ፖለቲከኛ ቢሆን ያፍርበት ነበር። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ራሱ ሚልክሼክ ይዞ ብቅ ማለት ጀመረ። ከወር በኋላ ክላክተንን በ8,405 ድምፅ ልዩነት አሸነፈ።

በእኔ አስተያየት ዋና ችሎታው ይሄ ነው። ቢራ በእጁ፣ ሲጋራ በአፉ፣ ሰው ሲስቅበት አብሮ መሳቅ። ተቃዋሚዎቹ ለዓመታት እንደ ቀልድ አዩት፤ ቀልደኛነቱ ራሱ መሣሪያው መሆኑን አላስተዋሉም።

ይህ ሁሉ ደጋፊ ከየት መጣ?

ከፋራጅ ይልቅ ወደ ሁለቱ አንጋፋ ፓርቲዎች ማየት ይሻላል። በ1951 ምርጫ ሌበርና ወግ አጥባቂው አንድ ላይ ከጠቅላላው ድምፅ 97 በመቶ ገደማ ወስደው ነበር። በ2024 የሁለቱ ድምር 57 በመቶ ነው። ማለትም ቤቱ ባዶ ሆኖ ነው እንግዳው የገባው። በ2024 ሌበር በ34 በመቶ ድምፅ ከ650 መቀመጫ 411 ሲወስድ ብዙዎቻችን “ጎርፍ” አልነው። ጎርፉ ስፋት እንጂ ጥልቀት አልነበረውም።

ወግ አጥባቂዎቹ በ14 ዓመት ውስጥ አምስት ጠቅላይ ሚኒስትር ቀያይረዋል። አንዷ፣ ሊዝ ትረስ፣ 49 ቀን ብቻ ነው ሥልጣን ላይ የቆየችው፤ በዚያች አጭር ጊዜ የቤት ብድር ወለድ ሽቅብ ወጣ። በየምርጫው ደግሞ “ስደተኛ እንቀንሳለን” ይላሉ። ከብሬግዚት በኋላ ግን፣ ቁልፉ በእጃቸው ሆኖ፣ የገባው ሰው ከወጣው በዓመት ከ900,000 በላይ በለጠ። ከፈረንሳይ በትንንሽ ጀልባ የእንግሊዝ ቻናል የሚባለውን ባሕር የሚሻገረው በ2022 ብቻ 45,000 አልፏል። ስደትን የሚደግፍም የሚቃወምም ሰው በአንድ ነገር ተስማማ፦ እነዚህ ሰዎች የሚሉትና የሚሠሩት አይገናኝም።

ሌበርም ሲመጣ ሰውን ለማሳዘን ብዙ አልቆየም። ሥልጣን በያዘ በወሩ የጡረተኞችን የክረምት ማሞቂያ ድጎማ ከብዙኃኑ ቀማ። በዓመቱ ተፀፅቶ መለሰ። ግን አሮጊቷ ብርድ ልብስ ተከናንባ የከረመችበትን ክረምት ማን ይመልሳል?

ነገሩን በዓይን ማየት የሚፈልግ እዚያው ክላክተን ምርጫ ክልል ውስጥ ያለችውን ጄይዊክ ይመልከት። በ1930ዎቹ ለለንደን ሠራተኞች የበጋ ማረፊያ ተብለው የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ናቸው። ዛሬ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይኖርባቸዋል። የመንገዶቹ ስም የመኪና ስም ነው፤ ቤንትሌይ ጎዳና የሚባል አለ። ቤንትሌይ ግን የለም። መንግሥት በ2010፣ በ2015፣ በ2019 እና በ2025 ባወጣቸው ዝርዝሮች በሙሉ ከእንግሊዝ ሠፈሮች ሁሉ በድህነት አንደኛ ናት። አራት ጊዜ ተለካች፤ አራት ጊዜ አንደኛ ወጣች፤ ጠብ ያለላት ነገር የለም። እዚያ ሰው በር አንኳኩተህ “ሪፎርም ልምድ የለውም” ብትለው ይስቅብሃል። ልምድ ያላቸውንማ አይቷቸዋል።

በ2024 ምርጫ 14 በመቶ ድምፅ አግኝቶ እንዴት 5 መቀመጫ ብቻ ወሰደ?

ሥርዓቱ እኛም ሀገር ያለው ነው። በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ያልፋል፤ የቀረው ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል። ሁለተኛ መውጣት ዋጋ የለውም። ሪፎርም ከ4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ 5 ሰው አስገባ፤ በ98 ቦታ ሁለተኛ ወጣ። ሊበራል ዲሞክራቶች በ3.5 ሚሊዮን ድምፅ 72 ሰው አስገቡ። ልዩነቱ ምንድን ነው? የሊበራሎቹ ድምፅ ክምር ክምር ነው፤ የሪፎርም ድምፅ በሀገሩ ሁሉ እንደ ጤፍ የተበተነ ነበር።

ፋራጅ ይህን ጽዋ ቀድሞም ቀምሶታል። በ2015 ዩኪፕ 3.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ አግኝቶ አንድ መቀመጫ ወሰደ። የስኮትላንድ ብሔርተኞች በዚያው ምርጫ በ1.5 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ 56።

ታዲያ አሁን ምን ተለወጠ? ያው ሥርዓት አይደል?

ያው ነው። ጨዋታውም እዚህ ላይ ነው። የተበተነ ድምፅ 14 በመቶ ሲሆን ይቀጣል። 30 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ግን፣ ተቃዋሚዎቹ አራትና አምስት ቦታ ከተከፋፈሉ፣ ያው መበተኑ ሀብት ይሆናል፤ በየቦታው አንደኛ ያደርጋል። በሴፕቴምበር 2025 ዩጎቭ የተባለው ድርጅት በሠራው ሰፊ የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ምርጫው ያኔ ቢደረግ ሪፎርም 311 መቀመጫ ያገኛል ተብሎ ተገምቷል። አብላጫ ለመያዝ 326 ነው የሚያስፈልገው። ይህ የሚሆነው ከሦስት መራጭ አንዱ እንኳ ሳይመርጠው ነው።

በተግባርም ታይቷል። ሜይ 1 ቀን 2025 በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ሪፎርም 677 የምክር ቤት ወንበር ወሰደ፤ 10 ምክር ቤቶችን ተቆጣጠረ። ሁለት ከንቲባም አስመረጠ፤ አንደኛው በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ በቦክስ ወርቅ ያገኘው ሉክ ካምቤል ነው። በዚያው ቀን ራንኮርን ላይ የማሟያ ምርጫ ነበር። ሌበር ከአሥር ወር በፊት በ14,696 ድምፅ ልዩነት ያሸነፈበት ቦታ ነው። ድምፁ ተቆጠረ፣ እንደገና ተቆጠረ። የሪፎርሟ ሳራ ፖቺን በ6 ድምፅ አሸነፈች። ስድስት ሰው፤ ግማሽ ሚኒባስ ማለት ነው።

በያዛቸው ምክር ቤቶች ምን ሠራ?

ብክነትን እናጠፋለን ብለው ገቡ። ኬንትን ጨምሮ በየቦታው ሒሳብ መርማሪ ቡድን እንልካለን አሉ። ችግሩ የእንግሊዝ አውራጃ ምክር ቤት ብዙውን ገንዘብ የሚያወጣው ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ፣ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች፣ ለመንገድ ነው። አብዛኛው ደግሞ በሕግ የታዘዘ ነው፤ ልቁረጠው ቢሉ አይቆረጥም። ጀልባ ማስቆምም የምክር ቤት ሥልጣን አይደለም። በኬንት ምክር ቤት ውስጥ እርስ በርስ ሲጯጯሁ የሚያሳይ ቪዲዮ በኦክቶበር 2025 አፈትልኮ ወጥቶ የተወሰኑ አባላት ተባረዋል።

ቀኝ አክራሪ ነው? ዘረኛ ነው?

ፓርቲው አይደለሁም ይላል። ቢቢሲ በ2024 አንድ ዘገባ ላይ “ቀኝ አክራሪ” ብሎ ጠርቶት በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ፋራጅ ቶሚ ሮቢንሰን ከሚባለው የጎዳና ቀስቃሽ ጋር አልሠራም በማለቱ በጃንዋሪ 2025 ኢሎን መስክ ራሱ “ለመሪነት አይበቃም” እስኪለው ደርሷል። ለአንድ ዓመት ያህል የፓርቲው ሊቀ መንበር የነበረው ዚያ ዩሱፍ ወላጆቹ ከስሪላንካ የመጡ ሙስሊም ነው። ይኸው ሰው በጁን 2025 አዲሷ የፓርቲው እንደራሴ “ቡርቃ ይከልከል ወይ?” ብላ ፓርላማ ውስጥ ስትጠይቅ ተናዶ ለቀቀ። በሁለት ቀኑ በሌላ ሥራ ተመለሰ።

በሌላ በኩል በ2024 ምርጫ በርካታ ዕጩዎቹ የጻፏቸው የዘረኝነት ጽሑፎች ተገኝተው ተባረዋል። እኔ ስሙ ላይ መከራከሩን ትቼዋለሁ። ሕዝበኛ ፓርቲ ነው፤ “እነሱ” እና “እኛ” ይላል። “እነሱ” ውስጥ ማን እንደሚገባ እንደየስብሰባው ይለያያል፤ አንዳንዴ የለንደን ባለሥልጣን ነው፣ አንዳንዴ እንደ እኔና እንደ አንተ ያለው ነው።

አንጋፋዎቹ ፓርቲዎች ምን እያደረጉ ነው?

ባብዛኛው እየኮረጁ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኬር ስታርመር በሜይ 2025 የስደት ሕጉን ሲያጠብቁ ሀገሪቱ “የማይተዋወቁ ሰዎች ደሴት” እንዳትሆን ሲሉ ተናገሩ። ከወር በኋላ በንግግሩ ተፀፀትኩ አሉ። የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ኬሚ ባድኖክ ከአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ስምምነት እንወጣለን ብላለች። ሪፎርም ቀድሞ ያለው ነው። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ዳኒ ክሩገር የሚባል የራሷ እንደራሴ ወደ ሪፎርም ሄደባት። ዋናው ዕቃ በገበያ ላይ እያለ ቅጂውን ማን ይገዛል?

መራጩ ግን የራሱን ዘዴ አግኝቷል። በኦክቶበር 2025 ዌልስ ውስጥ ኬርፊሊ በምትባል ቦታ የማሟያ ምርጫ ነበር። አካባቢው መቶ ዓመት የሌበር ርስት ነው። ሪፎርም ያሸንፋል ተብሎ ነበር። ሪፎርምን የማይፈልገው ሁሉ ግን ወደ ዌልስ ብሔርተኞቹ ፓርቲ ተሰብስቦ እነሱ አሸነፉ፤ ሪፎርም ሁለተኛ፤ ሌበር 11 በመቶ ይዞ ሦስተኛ። የፋራጅ ትልቁ ጠላት ስታርመር አይደለም፤ “ከእሱ በቀር ማንም ይሁን” ብሎ የሚሰበሰበው መራጭ ነው።

ከዚህ በፊት እንዲህ ተነሥቶ የወደቀ ፓርቲ አለ?

አለ፤ ፋራጅም ሌሊት ሳያስታውሰው አይቀርም። በማርች 1981 አራት ትልልቅ የሌበር ሰዎች ተገንጥለው ሶሻል ዲሞክራት የሚባል ፓርቲ አቋቋሙ። ከሊበራሎች ጋር ተጣምረው በዓመቱ መጨረሻ በአንድ የጋለፕ ጥናት 50 በመቶ ደረሱ። ሃምሳ! በ1983 ምርጫ 25 በመቶ ድምፅ አገኙ። ሌበር 28። ከሌበር በሦስት ነጥብ አይራራቁም። መቀመጫ ሲቆጠር ግን ሌበር 209፣ እነሱ 23። በ1988 ከሊበራሎች ጋር ተዋህደው ስማቸው ጠፋ።

የተሳካለትም አለ። ሌበር ራሱ በ1900 ሲጀምር ሁለት ሰው ነበር ፓርላማ የላከው። በ1922 ሊበራሎችን አልፎ ዋና ተቃዋሚ ሆነ፤ በ1924 መንግሥት መሠረተ። ሃያ ዓመት በላይ ፈጀበት። ሊበራሎቹ እርስ በርስ ባይናከሱ ኖሮ ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር። ዛሬ ያ የሊበራሎቹ ቦታ ላይ የቆሙት ወግ አጥባቂዎቹ ናቸው።

ኤፒንግ ላይ የነበረው ሁከት ከኢትዮጵያዊ ጋር ምን አገናኘው?

ይህን ብዙ ሰው በሹክሹክታ ነው የሚጠይቀኝ። በጁላይ 2025 ኤፒንግ በምትባል የኤሴክስ ከተማ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች በሚኖሩበት ሆቴል ያረፈ አንድ ኢትዮጵያዊ በ14 ዓመት ልጃገረድ ላይ በፈጸመው ጾታዊ ጥቃት ተያዘ። ተፈርዶበታል፤ 12 ወር። ሆቴሉ ፊት ለሳምንታት ሰልፍ ነበር፤ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ። በኦክቶበር ደግሞ ማረሚያ ቤቱ በስሕተት ለቀቀው። ሁለት ቀን ተፈልጎ ለንደን ላይ ተያዘና ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። 500 ፓውንድም ተሰጠው።

ፋራጅ ከዚህ የተሻለ የቅስቀሳ ማስታወቂያ ቢከፍል አያገኝም ነበር። በኦገስት 2025 ሥልጣን ብንይዝ በአምስት ዓመት እስከ 600,000 ሰው እናባርራለን ያለው በዚያው ሰልፍ ሰሞን ነው። ጥፋቱ የአንድ ሰው ነው። ዕዳው ግን በየአውቶቡሱ “ከየት ሀገር ነህ?” የሚባለው ሁሉ ላይ ወደቀ።

ሪፎርም ቢያሸንፍ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዴ ይሰረዛል?

እንዲህ ነው ያሉት። በሴፕቴምበር 2025 “ኢንዴፊኒት” የምንለውን ፈቃድ እናጠፋለን ብለዋል። አዲስ መስጠቱን ማቆም ብቻ ሳይሆን፣ ያለውም ሰው በየአምስት ዓመቱ በሚታደስ ቪዛ እንደገና ያመልክታል፤ የደመወዝ መስፈርቱም ከፍ ይላል። ኢንዴፊኒት ያለው የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ አይነካም ብለዋል። ይህን ለመሥራት ምርጫ ማሸነፍና ሕግ ማውጣት አለባቸው፤ ቀጣዩ ጠቅላላ ምርጫ ደግሞ ቢዘገይ እስከ ኦገስት 2029 ነው።

ግን ሪፎርምን ብቻ እያዩ መፍራት ስሕተት ነው። ያለው የሌበር መንግሥት ራሱ ለኢንዴፊኒት የሚጠበቀውን ጊዜ ከ5 ዓመት ወደ 10 ለማሳደግ ወስኗል። በኖቬምበር 2025 ይፋ ባደረገው ዕቅድ አዲስ መጥቶ ጥገኝነት የሚያገኝ ሰው በየ30 ወሩ ጉዳዩ ይታያል፤ ቋሚ ፈቃድ ለማግኘት 20 ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ለዜግነት የደረሰ ሰው ክፍያው ከ1,600 ፓውንድ በላይ ቢሆንም “ነገ እሞላዋለሁ” የሚለውን ትቶ ዛሬ ፎርሙን ይሙላ። እኔ ለዘመዶቼም የምለው ይህንኑ ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዤ እንግሊዝ ውስጥ ድምፅ መስጠት እችላለሁ?

ለጠቅላላ ምርጫ አይቻልም። የሚመርጠው የብሪታንያ ዜጋ፣ የአየርላንድ ዜጋና እዚያ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የኮመንዌልዝ ሀገር ዜጋ ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ኮመንዌልዝ ውስጥ ናቸው፤ ኢትዮጵያና ኤርትራ አይደሉም። ስለዚህ አምና የመጣ ኬንያዊ ተማሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲያስመርጥ፣ አሥር ዓመት ግብር የከፈለ ኢትዮጵያዊ ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ያያል።

ስኮትላንድና ዌልስ ግን ሌላ ናቸው። በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ማንኛውም ሰው ለአካባቢ ምክር ቤትና ለየራሳቸው ፓርላማ መምረጥ ይችላል። ግላስጎው ወይም ካርዲፍ ያላችሁ፣ ተመዝግባችሁ ካልሆነ ተመዝገቡ። ዜግነት ያገኛችሁና እንግሊዝ ውስጥ የምትመርጡ ደግሞ ፎቶ ያለበት መታወቂያ አትርሱ፤ ከ2023 ጀምሮ ግዴታ ነው። ለንደን ላይ የአረጋውያን የጉዞ ካርድ ይሠራል፤ የተማሪው ግን አይሠራም ተብሎ ነው የጀመረው።